የእርዳታ ምግብ ጆንያ ማራገፍ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በጅማ ልጆች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። በሥነ ምግብ የተመረቁ ወጣቶች ለእኔም ልከውልኝ «ይሄ ነገር መልስ ያስፈልገዋል» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ የሚያነሳው እንደ እኔ በዓለም አቀፍ የምግብ እርዳታ ውስጥ ስለሚሠሩ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ነው።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። የራበው ሰው የሚፈልገው እህል ነው፤ ለዚያ መኪናና መጋዘን ይበቃል፣ ባለሙያ አያስፈልግም ይላል። ለምለሟ ጅማ ረሃብን ሳታውቅ ልጆቿን ለዚህ ሥራ ማስተማሯ ከንቱ ድካም ነው ይላል። ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደለው የኦቾሎኒ ፓኬት የፈረንጅ ሸቀጥ ስለሆነ በእንቁላል፣ በማርና በዱቄት ወተት መተካት አለበት ይላል። ባለሙያዎቹን «ክንድ ለካኪዎች»፣ ዶላር ፈላጊዎች ይላቸዋል። በመጨረሻም የውጭው ገንዘብ እየቆመ ስለሆነ ሙያው አብቅቶለታል፣ ትምህርቱም ይዘጋ ሲል ይደመድማል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን ለሀገሩ የሚቆረቆር ሰው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልስላቸዋለሁ። የእሳቸውን ቅደም ተከተል ግን አልከተልም፤ የሰው ሕይወት ላይ ከሚደርሰው እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የራበው ሰው እህል ይሰጠው፤ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው»

እሺ፣ እህሉን እንስጠው። በሀገራችን የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። በቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ እህል፣ አንድ ጭብጥ ክክና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያህል ይሆናል። በካሎሪ ወደ 2,000 ይጠጋል። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን የሚታቀደው ደግሞ 2,100 ነው። ስለዚህ ሆድ ይሞላል።

ግን በዚህ ራሽን ውስጥ ቫይታሚን ሲ የለም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ የሚገኘውም ዘይቱ ላይ በፋብሪካ ከተጨመረ ነው። ተቀባዩ ከጓሮው ጎመን የሚቀነጥስ፣ ከገበያ ቃሪያና ሎሚ የሚገዛ ሰው ከሆነ ችግር የለውም። ጓሮም ገበያም በሌለው መጠለያ ውስጥ ለወራት የሚኖር ስደተኛ ግን ከየት ያመጣዋል? በ1980ዎቹ በአፍሪካ ቀንድ የስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ ስከርቪ የተባለው የቫይታሚን ሲ እጦት በሽታ ተነስቶ ነበር። ድድ ያደማል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ መራመድ ያቅታል። እነዚያ ሰዎች ራሽን ይቀበሉ ነበር።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሞዛምቢክ ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ሰዎች ማላዊ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ራሽናቸው በአብዛኛው በቆሎ ነበር። ከበቆሎው ጋር ኦቾሎኒ ይታደላቸው ነበር። ከዚያ የኦቾሎኒው አቅርቦት ተቋረጠ። በመጋዘን ሰው ዓይን ካየነው ትንሽ ነገር ነው የጎደለው፤ በቆሎው እንዳለ አለ። በ1990 ግን ፔላግራ የተባለ በሽታ ተነሳ። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ፣ አንገትና እጅ፣ ይጠቁርና ይላጣል። ተቅማጥ ይከተላል። ሲብስ ሰውየው ይዘባርቃል፣ ካልታከመም ይሞታል። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት ሕሙማን ከ17 ሺህ በላይ ነበሩ።

ምክንያቱ ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ነው። በቆሎ ውስጥ አለ፣ ግን አብዛኛው ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነታችን አይወስደውም። ኦቾሎኒ ግን በናያሲን የበለጸገ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች በቆሎን በኖራ ውኃ ቀቅለው ስለሚበሉ ቫይታሚኑን ከእስራቱ ይፈቱታል፤ ለዘመናት በበቆሎ ኖረው በፔላግራ ያላለቁት ለዚህ ነው። እኛ ጅማ ላይ በቆሎ ስንበላ ፔላግራ የማይዘን ደግሞ ከጎኑ ሽሮ፣ ጎመን፣ ወተት ወይም ሌላ ነገር ስለምናገኝ ነው። እንግዲህ «ኦቾሎኒው ቢቀር ምን ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ ከመጋዘን ኃላፊና ከሾፌር መጠበቅ አይገባም። ሥራቸው አይደለም። የእኛ ሥራ ነው።

እስካሁን ያልኩት ራሽን ጎድሎባቸውም ቢሆን በእግራቸው ስለሚቆሙ ሰዎች ነው። በጣም የከሳ ሕፃን ጋ ስንደርስ «እህል ስጡት» የሚለው ምክር አደገኛ ይሆናል።

ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ለመኖር ሲል ሁሉንም ነገር ይቀንሳል። ልብ ይሳሳል። ኩላሊት ጨውን አጣርቶ ማስወጣት ይከብደዋል። የሰውነት ሙቀት ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ልጅ ድንገት ብዙ ምግብ ሲሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ሴሎች ይገባና ደሙ ውስጥ ያሽቆለቁላል። ከዚያ ልብ ይደክማል። ለወራት የደረቀ መሬት ዶፍ ሲወርድበት ውኃውን እንደማይጠጣው፣ ይልቁንም እንደሚሸረሸረው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከናዚ ካምፖች ነፃ ከወጡት እስረኞች መካከል ጠግበው ከበሉ በኋላ የሞቱ ነበሩ። ያበሏቸው ወታደሮች ክፋት አልነበረባቸውም። የማያውቁት ነገር ነበር።

ለዚህ ነው ማረጋጊያ ማዕከል፣ ማለትም ክፉኛ የተጎዱ ልጆች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል፣ የሚገባ ልጅ መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚሰጠው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ የወተት ምግብ ነው። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በኪሎው ተለክቶ ይሰጠዋል። ኪሎው እንዲጨምር በዚያ ደረጃ አንቸኩልም። በሌላው በሽተኛ ዘንድ የተለመደው ግሉኮስ ለዚህ ልጅ በዘፈቀደ አይሰቀልለትም፤ ልቡ ላይ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። የደም ማነስ ቢኖርበትም ብረት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሰጠውም። ሲረጋጋ፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ፣ እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ነው ወደሚቀጥለው ምግብ የሚሸጋገረው።

ከዚህ ሥራ ለእኔ ከባዱ አያቶችን ማስረዳት ነው። አያት ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች፣ ከሰቃ ወይም ከዴዶ፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ በእቃ ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ይሄን ውኃ የመሰለ ወተት እየሰጣችሁ ልትገድሉት ነው?» ይላሉ። ፍቅር ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ ማስረዳት ይጠይቃል። «አደ፣ ገንፎዎ ይቆየው፣ ደርሶበት ይበላዋል» ሲባሉና ለምን እንደሆነ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። ከገባቸው በኋላ ደግሞ ሌሊት ሰዓቱን ቆጥረው ነርሷን የሚቀሰቅሱት እሳቸው ናቸው። ጸሐፊው «ክንድ ለካኪ» ያሉት ሰው ሥራ ውስጥ ይሄም አለ።

«ለምለሟ ጅማ ረሃብን አታውቅም»

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። ምክንያቱም እዚሁ አጠገባችን ያሉትን ልጆች ይሰርዛቸዋል።

በ2019 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ለዕድሜ የሚገባውን ቁመት ማጣት ነው። ከሚሊኒየሙ ወዲህ ብዙ ቀንሷል፤ አሁንም ግን ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ ነው። ይህ ደግሞ የደረቅ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። ትርፍ አምራች በሚባሉ ወረዳዎችም አለ።

ለምለም ቦታ ላይ እንዴት ይሆናል? ጅማን የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የቡና ብር የሚገባው በዓመት አንዴ፣ በለቀማው ወቅት ነው። ያ ብር የዕዳ፣ የልብስና የቤት ክዳን ነው። ክረምት ሲገባ፣ በቆሎው ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ዶሮ አለች፤ እንቁላሉ ግን መርካቶ ይወርድና ጨውና ሳሙና ሆኖ ይመለሳል። አቮካዶው ከዛፍ ሥር ወድቆ ይታያል፤ ለስምንት ወር ሕፃን ተፈጭቶ የሚሰጥ ምግብ መሆኑን ግን ለእናትየው ማንም አልነገራትም። ልጁ የሚጠጣው ቀጭን የበቆሎ አጥሚት ነው። ሆዱ ይሞላል። አይጮህም። ዝም ብሎ ሳያድግ ይቀራል።

እንቅርትንም አስታውሱ። ዝናብ በሚበዛበት ተዳፋት አገር አዮዲን ከአፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። አረንጓዴው ተራራ ራሱ ነው የጎደለው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2011 በሕግ የታዘዘው እንዲህ ዓይነት ጉድለት ስላለ ነው።

በ2008 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የደረሰውን ጋዜጠኞች «አረንጓዴ ረሃብ» ብለውት ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ማሳው ለምልሟል፤ የሚበላ ግን ገና አልደረሰም። በዚያ ለምለም ውስጥ ሕፃናት በምግብ እጥረት አካላቸው እያበጠ ለሕክምና ይገቡ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ረሃብ ያለበት አገር አይመስልም።

ስለ ጅማ ዩኒቨርሲቲም አንድ ነገር ልበል። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ ከኪሎው ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻና ሌላ አካል ነው ተብሎ ልዩ በሆነ መሣሪያ ይለካል። ልጆቹም እያደጉ ሲሄዱ ክትትሉ ቀጥሏል። እንዲህ ያለ መረጃ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የለም። ስለ ሕፃናት አካል ይህን ያህል የሚያውቅ ከተማ ልጆቹን ለዚህ ሙያ ማስተማሩ ከንቱ ድካም ሊባል አይገባም።

«ፓኬቱ ይቅር፤ እንቁላል፣ ማርና የዱቄት ወተት ይሰጥ»

ሰዉ ፕላምፒ የሚለው ፓኬት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ካሎሪ አለው። ውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። በ1996 ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪየንድ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ ነው የሠራው። ትልቁ ቁም ነገሩ ውኃ የሌለበት መሆኑ ነው። ውኃ ስለሌለው ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። ማብሰል፣ መበጥበጥ፣ ንጹሕ ውኃ መፈለግ የለም።

ከዚያ በፊት ምን ነበር? ክፉኛ የተጎዳ ልጅ እስኪያገግም ሐኪም ቤት ይተኛል። እናቱ ለሳምንታት አብራው ትተኛለች። ቤት የቀሩት ልጆችስ? እርሻውስ? ብዙ እናቶች ሕክምናውን አቋርጠው ይሄዱ ነበር። ይህን የለወጠው ነገር ከእኛው አገር ጋር ይያያዛል። በ2000 በሐዲያ፣ በባደዋቾ ወረዳ፣ የተጎዱ ሕፃናት እቤታቸው ሆነው በየሳምንቱ እየተመላለሱ በፓኬቱ እንዲታከሙ ተደረገ። ብዙዎቹ ዳኑ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አሠራሩን በጋራ አጸደቁት። ዛሬ በገጠር ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትሰጠው ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። ፓኬቱም ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ አካባቢ ሲመረት ቆይቷል። ስለዚህ «የፈረንጅ ሸቀጥ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

እንቁላል ይሰጥ ላሉት፣ አዎ፣ በሙሉ ልቤ። ከስድስት ወር ጀምሮ፣ ልጁ ሳይከሳ። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለአዋቂ ምንም የማያደርግ ጀርም ለሕፃን መርዝ ሊሆንበት ይችላል። ፋፋም ጥሩ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን እገዛ እዚሁ የተጀመረ፣ አንድ ትውልድ ያሳደገ ምግብ ነው። ተጨማሪ ምግብ ሆኖ ቢበላ ደስ ይለኛል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለወረደ ሕፃን ግን ፋፋ ብቻውን አይበቃውም። ፓኬቱ መድኃኒት ነው ብላችሁ አስቡት።

የዱቄት ወተቱን ሐሳብ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቆርቆሮ ወተት በአደጋ ጊዜ የሚላክ በጣም አደገኛ ስጦታ ነው። በግንቦት 2006 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዮግያካርታ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የሕፃናት የዱቄት ወተትም በገፍ ተለገሰ። በኋላ ሲጠና ወተቱ የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው እጥፍ በሚሆን መጠን ተቅማጥ ይዟቸው ተገኘ። ውኃው ንጹሕ አልነበረም፤ ጡጦው የሚቀቀልበት ቦታም አልነበረም። እናትየውም ጡቷን ስትተው ወተቷ ይቀንሳል፤ ዕርዳታው ሲያልቅ ሁለቱንም ታጣለች። በመጠለያ ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጣላው ከለጋሽ ጋር ነው፤ «ይህን አትላኩ» እያለ። እናት የሌለው ሕፃን ካለ ለብቻው፣ በክትትል፣ ከንጹሕ ውኃ ጋር ይሰጠዋል። በጅምላ ግን አይታደልም።

ጸሐፊው ፓኬቱ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አይቻለሁ ብለዋል። እኔም አይቻለሁ። የሚሸጠው ግን ቤቱ ሌላ የሚበላ ስለሌለው ነው፤ ወይም ለአንዱ ልጅ የተሰጠው ለአራት ስለሚካፈል። መፍትሔው ለቤተሰቡ የሚበቃ ራሽን ጨምሮ መስጠት ነው።

«ዶላር ፈላጊዎች»

ደመወዙ ከመንግሥት ይሻላል፤ አልክድም። ውሉ ግን ብዙ ጊዜ የወራት ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል። ከውጭ የሚመጣውና የአገሩ ሰው ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚከፈላቸው ልዩነትም ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ሥራውን ግን ይዩት። ከጅማ በበደሌና በመቱ አድርገን ጋምቤላ ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበለናል። ጠዋት ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ እናቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ዙሪያ በባለ ቀለም ጥብጣብ ይለካል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እግሩ በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ይጫናል፤ ሲለቀቅ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት አለው፣ ያ ልጅ ክንዱ ምንም ቢሆን አደጋ ላይ ነው። ከሰዓት መዝገብና የመጋዘን ቆጠራ ነው። ማታ ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ኤክሴል ነው።

ስንት ሕፃን እንደተጎዳ የሚለካ የዳሰሳ ጥናት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ቁጥሩ ከፍ እንዲል የሚፈልግ አለ፣ ዝቅ እንዲል የሚፈልግም አለ። መረጃው ራሱ ይመሰክራል። ለካኪዎች ሰንፈው ከገመቱ ቁጥሮቹ በዜሮና በአምስት ማለቅ ይበዛባቸዋል፤ ስማርት በሚባለው አሠራር ይህ ይፈተሻል፣ ጥናቱም ሊጣል ይችላል። የተጎዱት ሕፃናት 15 በመቶ ከደረሱ ሁኔታው እጅግ ከፍተኛ ይባላል፣ ብዙ ውሳኔም ይከተላል። አንድ ሚሊ ሜትር ላይ የምንጨቃጨቀው ለዚህ ነው። ይህን ለዶላር ብቻ ብሎ የሚችለው ሰው ብዙ አላየሁም።

እርዳታ ገበሬውን ጥገኛ ያደርገዋል ብለው ያነሱትን በአጭሩ ልለፈው። በወር 15 ኪሎ ስንዴ እርሻውን ያስተወው ገበሬ አላጋጠመኝም። እርሻውን ያስተወው ድርቅና ጦርነት ነው።

«ገንዘቡ ቆመ፤ ሙያውም አበቃ»

ገንዘቡ መቀነሱ እውነት ነው። በሰኔ 2023 እህል ወደሌላ ቦታ እየሄደ ነው ተብሎ ትልቁ የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ በመላ ኢትዮጵያ ተቋረጠ፤ በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ተጀመረ። በሚያዝያ 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የ650,000 ሴቶችና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና እንደሚያቆም አስታወቀ። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ተቃራኒው ነው። ጆንያው ሲበዛ ስህተቱ ይሸፈናል። ጆንያው ሲያንስ ማን ይቅደም፣ ምን ይቆረጥ፣ የትኛው ጉድለት ሰው ይገድላል፣ የትኛው ሊቆይ ይችላል የሚለውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማላዊ ላይ ኦቾሎኒው ሲቀር የሆነውን አይተናል። ኒጀር ውስጥ እናቶች ራሳቸው የልጃቸውን ክንድ በቀላሉ መለካት እንደሚችሉ ታይቷል፤ ብዙ ወጪ የሌለው፣ ልጁ ሳይጎዳ የሚያመጣ አሠራር ነው። ያንን በሰቃና በማና ለማስፋፋት የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ይዘጋ ከማለት ይለወጥ ብንል እስማማለሁ። ተመራቂው ክንድ መለካት ብቻ ሳይሆን ዋጋ ማስላትና ከአገር ውስጥ እህል ምግብ መቀመርም ይማር። ከአኩሪ አተር፣ ከበቆሎና ከማሽላ የተሠራ፣ ኦቾሎኒና ወተት የሌለበት ፓኬት ማላዊና ዛምቢያ ላይ በሕፃናት ላይ ተሞክሯል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተመሠረተው በ1952 የተከፈተውን የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመውን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በማዋሐድ ነው። እህሉን የሚያውቁትና ሕፃኑን የሚያክሙት አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ጸሐፊው በከተማችን ሰሚ ያላቸው ሰው ከሆኑ ይህን እንዲጠይቁልን እለምናቸዋለሁ፦ ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ከጅማ በቆሎና አኩሪ አተር የሚሠራውን ፓኬት ይቀምሩ፣ ክረምት ሳይገባም ይሞክሩት።